አዴ ሩቂያ የምትደረድራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሐሙስ ከክሊኒክ ወጥቼ የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ጥቅሉን ከመደርደሪያ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ሁለት ሦስቴ ሲያገላብጠው ያ ያልታጠበ የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ስታርችና ትንሽ ናፍታ የተቀላቀለበት፣ ፊቴ ላይ ተነፈሰ። ከመርከብ ወርዶ ኮንቴይነር ውስጥ የከረመ ጨርቅ ሁሉ እንዲህ ይሸታል። ሻጩ ስንት ሜትር እንደምፈልግ ይጠይቀኛል፣ እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1 ሰፈር ውስጥ በአዴ ሩቂያ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር። ስንት ሜትር እንዳልኩት አላስታውስም። መጋረጃው አጥሮ ቀርቷል።

አዴ ሩቂያ የድሬዳዋ ልጅ ነበረች፤ "አዴ" በእነሱ ዘንድ እናት እንደማለት ነው። ከባሏ ጋር ለንግድ መጥታ እዚሁ ያረጀች፣ አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት፤ የጣቶቿ ጫፍ ሁልጊዜ በሂና የጠቆረ፣ የመነጽሯ አንድ እግር በክር የታሰረ። ሱቋ ከቤታችን ሦስት በር ዝቅ ብሎ ነበር። እናቴ "እርስዎ በያቸው" እያለች ጆሮዬን ብታደነቁረውም አዴ ሩቂያ እሺ አትልም። "አንቱ በይኝና ሳላረጅ አስረጂኝ" ትለኛለች። ድሬዎች አንቱታ አይሆንላቸውም፤ የቀረበም የራቀም ሰው ለእነሱ አንቺ ወይም አንተ ነው። ስለዚህ አሁንም ስጽፍ አንቱ አላልኳትም።

እናቴ ሀራሙስ የሚባል የሀብታም ሰፈር ውስጥ የፈረንጅ ቪላ ታጸዳ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሯ አብጦ ትመለሳለች። አባቴን አላውቀውም። ትምህርት ሲዘጋ እኔ የምውለው አዴ ሩቂያ ሱቅ ውስጥ ነበር። አደራ ብሎ የሰጠኝ የለም፤ አንድ ቀን ገብቼ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጥኩ፣ ውጪ ያለኝ አልነበረም፣ በዚያው ቀረሁ።

ባንኮኒው ጫፍ ላይ፣ ከመቀሱና ከእንጨት ሜትሩ አጠገብ፣ ጣውላው ተዘርግቶ ይውላል። ጣውላ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሁለት ዳይስ እየጣለ፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ጠጠሩን በሰሌዳው ዙሪያ አዙሮ ወደ ቤቱ የሚያስገባበት ጨዋታ ነው። ሁለት ሆነው የተቀመጡ ጠጠሮች አይነኩም። ብቻዋን የተገኘች ጠጠር ግን ትመታለች፣ ከተመታችም ከጠላት ሰፈር እንደገና ትጀምራለች። በእኛ ሰፈር የመናውያኑ ሽማግሌዎች በየበረንዳው ጠጠር እያንኳኩ ይጫወቱታል፤ ሴት ስትጫወት ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር አዴ ሩቂያም አትጫወትም። ዳይስ አትጥልም። ዳይሶቹን በሁለት ጣቷ አንስታ የምትፈልገውን ቁጥር ወደ ላይ አድርጋ ታስቀምጣቸዋለች።

የእሷ ሥራ ስህተት መደርደር ነበር። ጠጠሮቹን ራሷ በመረጠችው ቦታ ታስቀምጥና፣ ቁጥሩን ታሳይና፣ "ተራው ያንተ ነው፣ ምን ትጫወታለህ?" ትላለች። ድርድሩ የተሠራው ትክክል የሚመስለው ጨዋታ ከሁሉም የከፋው እንዲሆን ነው። በትንሹ የከፋ ደግሞ አይበቃትም። ያንን የተጫወተ ሰው በእጁ የገባውን ድል ጥሎ በማርስ መሸነፍ አለበት፤ ማርስ ማለት አንዲት ጠጠር እንኳ ሳያወጡ መሸነፍ ነው፣ እንደ ሁለት ሽንፈት ይቆጠራል። ጅል የሚሳሳተውን ማንም ይደረድረዋል፣ እኔ የምፈልገው አዋቂ የሚሳሳተውን ነው ትለኝ ነበር።

ስትሠራ መጀመሪያ ጥፋቱን ትደረድራለች፤ ነጩ ያለቀለት፣ ጥቁሩ የጨፈረበትን። ከዚያ ሹራብ እንደሚተረትር ሰው አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሰች፣ ሁሉም ነገር ደህና ወደሚመስልበት ቦታ ትደርሳለች። አንዷን ጠጠር አንድ ቤት ወዲህ ማምጣት ሳምንት ይፈጅባት ነበር። መልካም የሆነላትን ድርድር፣ ጨርቅ በሚጠቀለልበት ካርቶን ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ትስለዋለች። ባንኮኒው ሥር እንዲህ ያለ ካርቶን እስከ ጉልበቴ ተከምሮ ነበር። እኔ ሌሎች ልጆች የሥዕል መጽሐፍ እንደሚያገላብጡ እነሱን አገላብጥ ነበር፤ ጨዋታውንም የተማርኩት ከዚያ ነው፣ ከስህተቱ ጀምሬ።

ፈተናውን የሚፈተኑት ባሎች ነበሩ። ሚስት ሺፎን ስትመርጥ፣ ስትመልስ፣ እንደገና ስታስወርድ ባል ምን ይሠራል? ጫት የሚገባበትን ሰዓት እያሰበ በሩ ላይ ይቁነጠነጣል። አዴ ሩቂያ በርጩማ ስባ ጣውላውን ወደሱ ታዞረዋለች። አብዛኞቹ ገና በደንብ ሳይቀመጡ ይጫወቱና በራሳቸው ተደስተው ቀና ይላሉ። ተሳስተሃል አትላቸውም። ጠጠሮቹን መልሳ እያስተካከለች "ሁሉም እንዲህ ነው የሚጫወተው" ትላለች፣ ለራሷ ይመስል። የሚገርመው ሲሳሳቱላት ደስ አይላትም፤ እፎይ ትላለች። የዚህ ልዩነት ያኔ አልገባኝም። አንዱ ትክክሉን ያገኘባት ቀን ደግሞ ካርቶኑን አውጥታ ለሁለት ታጥፈውና ለቆሻሻ ትሰጠዋለች።

በካርቶኖቹ ሁሉ ውስጥ አንድ የማይለወጥ ነገር ነበር። ከጓደኞቿ ርቃ በጥቁሮቹ ሰፈር ብቻዋን የቀረች አንዲት ነጭ ጠጠር ሁልጊዜ አለች፤ ስህተቱም ሁልጊዜ እሷን ይዞ መሸሽ ነው። ይህን ማወቄን ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ ሆኜ ዐዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ፣ ያወቅሁትን የምናገርበትን ሰዓት መምረጥ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር።

በጅቡቲ ሰኔ ሲገባ ኻምሲን ይነሳል። አሸዋ የያዘ ንፋስ ነው፤ ዳቦ ቤት ምድጃ አፍ ላይ ቆሞ እንደመዋል ያለ። በዚያ ወራት የቻለ ሁሉ ልጆቹን ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሀረር፣ ያልቻለ እዚሁ አገር ውስጥ ወዳለው አሊ ሳቢህ ይልካል። ሕፃን የታመመበት ሰውማ ምክር አይጠይቅም፤ "አየር ይቀየርለት" ይሉታል፣ እሱም ያደርገዋል። ሰፈሩ ባዶ ይሆንና ውሾች ብቻ በየጥላው ተዘርግተው ይቀራሉ። እናቴ ፈቃድ ስለማታገኝ እኔ የትም አልሄድም። አዴ ሩቂያም አትሄድም። ባሏ ድሬዳዋ እህቱ ዘንድ እንደሚኖር አውቅ ነበርና አንድ ቀን ለምን አትሄጂም ብላት መንገዱ አይስማማኝም ብላ ዘጋችኝ።

የዚያ ዓመት ድርድር ከሁሉም የበለጠ ነበር። ወሩን ሙሉ ደከመችበት። መብራት ሲጠፋ፣ ቬንቲላተሩ ሲቆም፣ ላብ ከአገጯ ጠጠሮቹ ላይ እየተንጠባጠበ እንኳ አትነሳም። ነጭ አሸናፊ ይመስላል፤ ብቸኛዋ ጠጠር ብቻ ጥቁሮቹ በሠሩት ግድግዳ ሥር ቀርታለች። ዳይሱ ስድስትና አምስት ያሳያል። በስድስቱ ግድግዳውን ትዘላለች፣ በአምስቱ ትርቃለች፣ ግማሽ መንገድ ቤቷ ገባች ማለት ነው። ካልሸሸች ደግሞ ያንን ቁጥር ለመጫወት ነጩ ያማረ ቤቱን በገዛ እጁ ማፍረስ አለበት። ማን እንዲህ ያደርጋል? ነገር ግን ከምታርፍበት ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በነጮች መካከል ተይዘው ብዙ መራመድ የማይችሉ ሁለት ጥቁር ጠጠሮች ነበሩ። ብቻዋን መንገድ ላይ ያገኟት እንደሆነ አትተርፍም።

ባሎች መጡ፣ ሁሉም ሸሹ። አሥራ ምናምን ሰው ከሸሸ በኋላ አዴ ሩቂያ ሐጂ ሳልምን አስጠራቻቸው። ሐጂ ሳልም የባሏ የድሮ ጓደኛ፣ በካርቲየ 1 ጣውላ የሚያሸንፋቸው ያልተገኘ የየመን ሽማግሌ ነበሩ። እንደ ሌሎቹ አልቸኮሉም። ወተት ያለው ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ሰሌዳውን አዩት። ጺማቸውን ሳቡ፣ ጣታቸውን ቤቱ ላይ አድርገው ሊያፈርሱት አሰቡ፣ ተዉት። በመጨረሻ ብቸኛዋን ጠጠር አነሱና አሥራ አንድ ቤት አሻገሯት።

"ሐጂ፣ እርግጠኛ ነህ?" አለቻቸው።

"እና እሳት ውስጥ ትቻት ልቀመጥ?" አሉ።

አዴ ሩቂያ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ መነጽሯን በሻሿ ጫፍ ረዥም ጊዜ ስትጠርግ ቆየች። አልሀምዱሊላህ ስትል ሰማኋት። ሐጂ ሳልም ከሄዱ በኋላ እንደዚያ ቀን ሆና አይቻት አላውቅም፤ ለእኔ ቀዝቃዛ ሲሮፕ አስመጣች፣ ለጎረቤቱ ጥበቃም ጭምር። በደስታዋ ብዛት፣ ለጨዋታ ያህል፣ ጣውላውን ወደ እኔ አዞረችው።

"ነይ ማርታ፣ አንቺስ? እስቲ ሽሺ።"

ስጠብቀው የነበረው ሰዓት ይህ ነበር። ብቸኛዋን ጠጠር አልነካኋትም። የራሳችንን ቤት አፍርሼ ስድስቱንም አምስቱንም በዚያ ተጫወትኩ። ከዚያም እንደ አስተማሪ ቀጥ ብዬ ቆሜ ማብራራት ያዝኩ። ጥቁሩ የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር አልቆበታል፤ ብቸኛዋ ነጭ ዝም ብላ አንድ ዙር ከቆየች በሚቀጥለው ተራ ግድግዳውን ራሱ ያፈርሰዋል፣ ከዚያ በሰላም ትወጣለች።

"አንድ ዙር መጠበቅ ብቻ ነው" አልኩ። "ግልጽ ነው እኮ።"

አዴ ሩቂያ ሰሌዳውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ስንት ዓመትሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ታውቀዋለች እኮ። አሥር አልኳት። ብራቮ እንድትለኝ እየጠበቅሁ ቆምኩ። እሷ ግን ጠጠሮቹን ሰብስባ ጣውላውን አጠፈችና፣ ገና አምስት ሰዓት ሳይሆን፣ ሱቁን ልትዘጋ እንደሆነ ነገረችኝ። ሲሮፑን አልጨረስኩትም ነበር።

እናቴ ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ሐጂ ሳልምን ማሸነፌን ነገርኳት። ድርድሩን ወለሉ ላይ በቆርኪ ሠርቼ አሳየኋት። ሳብራራላት ፊቷ እየተለወጠ መጣ። ሳልጨርስ እጄን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝና ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔ ብቻ ያልሰማሁትን ነገረችኝ።

አዴ ሩቂያ ሴት ልጅ ነበረቻት። በእንዲህ ያለ ኻምሲን ትኩሳት ያዛት። ሰዉ ሁሉ ወደ ሀረር ላኪያት፣ አየሩ ብቻ ያድናታል አለ። ባሏ ነገ የተሻለ መኪና እናገኛለን፣ ትንሽ ትረፍና ነገ ይዣት ልሂድ ብሎ ነበር። አዴ ሩቂያ ግን ልጅቷ ስትቃጠል ማየት አልቻለችም። ከከተማው ዳር ካለው የጭነት መኪኖች መቆሚያ፣ ከፔካ 12፣ በዚያው ቀን የሚነሳ መኪና አግኝታ፣ ለምና፣ አባትና ልጅን ጋቢና ውስጥ አስገብታ ሸኘቻቸው። መኪናው በረሃው መሐል ተበላሸ። መለዋወጫ እስኪመጣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ ልጅቷም እዚያው አባቷ ክንድ ላይ ሞተች፤ የቀበሯትም ከድንበሩ ማዶ መንገድ ዳር ነው። በማግስቱ ጅቡቲ ላይ ንፋሱ ዞረ። ኻምሲኑ ቆመ፣ ከባሕሩ በኩል ነፈሰ፣ ሰዉ ሁሉ ሰገነት ወጥቶ ተኛ። አባትየው ወደ ጅቡቲ አልተመለሰም። አንድም ቀን አልወቀሳትም አለችኝ እናቴ፤ ባይወቅሳትም ግን አልተመለሰም።

ያን ምሽት ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ይቸግረኛል። አፈርኩ ማለት አይበቃም። ያቺ ሴት ለዓመታት ስትደረድር የኖረችው አንድ ነገር ፍለጋ ነበር፤ ከእሷ የሚበልጥ አዋቂ በእሷ ቦታ ሆኖ እንደ እሷ ሲሳሳት ማየት። አገኘችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ነበራት። እኔ ሲሮፕ እየጠጣሁ ነጠቅኋት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ያሰብኩት የልጅ ነገር ነው። ትናንት ተሳስቼ ነው፣ ሌሊቱን ሳስበው መሸሽ ነው ትክክሉ አልኳት። አዴ ሩቂያ የቁልፉን ማንጠልጠያ በእጇ እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ ወዲያው ገባት።

"አትዋሺኝ ልጄ። ትናንት ያልሽው ነው ልኩ" አለችኝ። ቀና ብላም፣ "ሐጂ ያላየውን አንቺ እንዴት አየሽው?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር።

ራሷን ነቀነቀችና ሱቁን ከፈተች። አልተቆጣችኝም፣ አላባረረችኝም፤ እንደ በፊቱ ጥቅሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጣውላው ግን ከባንኮኒው ላይ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ለሐጂ ሳልም ሰጠችው፤ ካርቶኖቹንም አገላብጣ ጨርቅ ጠቀለለችባቸው። ከዚያ ወዲያ ሚስቶች ጨርቅ ሲመርጡ ባሎች በሩ ላይ እየተቁነጠነጡ ይጠብቁ ነበር።

እኔ አደግሁ። ነርስነት ተማርኩ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ለማንም በሽተኛ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ አስተኝቼ፣ እግሯን ከፍ አድርጌ፣ ትንፋሿን አይቼ እጠብቃለሁ። ያንን ሁሉ ረሳሁት። አቅፌያት፣ ጫማ ሳላደርግ፣ እየጮህኩ ወደ መንገድ ሮጥኩ። ፀሐዩ ላይ ሁለታችንም ልንወድቅ ስንል ነው ጎረቤቶች የያዙን። እናቴ ደህና ሆነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሷ እንደተሻላት ግን አዴ ሩቂያ ዘንድ መሄድ እንዳለብኝ አወቅሁ።

ያኔ በስኳር በሽታ ታማ፣ ሱቁን ለወንድሟ ልጆች ትታ፣ ከሱቁ በስተኋላ ባለው ክፍል ተኝታ ነበር። ዓይኗ እምብዛም አያይም። ድምፄን ሰምታ "አንቺ ማርታ፣ መርፌ ልትወጊኝ መጣሽ?" አለችኝ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ንፋሱ፣ ስለ ጨርቅ መወደድ፣ ስለ እናቴ ጤና አወራን። ከዚያ እጇን ያዝኩ። ያኔ እንዴት አየሽው ብለሽኝ ነበር አልኳት። ምኑን አላለችኝም።

"አሁን አውቄዋለሁ። ጠጠሯን ስላልወደድኳት ነው ያየሁት፣ አዴ። የእኔ ብትሆን ኖሮ እኔም ይዣት እሸሽ ነበር።"

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ እጄን ልስብ ስል አጥብቃ ያዘችኝ።

"ናስራ ትባል ነበር" አለች።

ያን ሁሉ ዓመት ስሟን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴም ስትነግረኝ ልጅቷ ነው ያለችኝ፤ ሰፈሩም ልጅቷ ነበር የሚላት። አዴ ሩቂያ ያን ቀን እስኪደክማት ድረስ ስለ ናስራ አወራችኝ። ዓሣ ነጋዴው ጋሪውን ሲያቆም በረዶውን ሰርቃ እየመጠጠች፣ አፏ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ትመጣ እንደነበር። ቀሚስ ሲሰፋላት ቆማ መለካት ስለማትወድ ተኝታ እንደምትለካ። በረሃ መሐል ስለቆመ መኪናም ሆነ ስለ ኻምሲን አንድም ቃል አልተነሳም። ሁለት ጊዜ ሳቀች። ከወር በኋላ አረፈች።

ከእሷ የቀረልኝ ዕቃ የለም፤ የወንድሟ ልጆች ሱቁን የስልክ መሸጫ አድርገውታል። አሁን የምሠራው ፔካ 12 ባለው ክሊኒክ ነው። ከመንገድ የመጡ፣ ከበረሃው የወጡ እናቶች ልጅ ታቅፈው ይደርሱብናል፤ አንዳንዴ በሰዓቱ፣ አንዳንዴ ዘግይተው። ሲዘገይ ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፣ በአማርኛም በሶማሊኛም በአፋርኛም፤ ትናንት ባመጣት ኖሮስ? ባልንቀሳቀስ ኖሮስ? መልሱን አውቀዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ግልጽ ነው። ወንበር እስብና አጠገባቸው ተቀምጬ የልጃቸውን ስም እጠይቃቸዋለሁ።